የዓመቱን ዘፈን ስለ መምረጥ

መምረጥ ሁለት ሥራ ነው፤ አንደኛው መውሰድ፣ ሁለተኛው መተው። ብዙ ሰው የሚወስደውን ነገር ሲመዝን ይታያል፤ የሚተወውን የሚመዝን ግን ጥቂት ነው። ሹም ሠራተኛ ሲመርጥ፣ ጐልማሳ ሚስት ሲመርጥ፣ ዳኛ ከሁለት ምስክር አንዱን ሲያምን ስለሚደርስበት ኀላፊነት ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል፤ ብዙም ተጽፏል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሣ ያሰብሁት ታናሽ የምትመስለውን ምርጫ ነው። ይኸውም ሰው በዓመቱ መጨረሻ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰማው ዘፈን መካከል የወደደውን ለይቶና በተራ አሰልፎ፣ ለራሱ ማስታወሻ ለወዳጁም ስጦታ አድርጎ የማዘጋጀት ልማድ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ምርጫ የደስታ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ መራጩን የሚጠይቀው ግዴታ አለበት?

በውጭው ዓለም በትልልቅ ኩባንያዎች ሥር ሳይገቡ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ድካም ሥራቸውን የሚያወጡ ሙዚቀኞች ራሳቸውን የቻሉ ወይም ነጻ ሙዚቀኞች ይባላሉ። ማስታወቂያ የሚያስነግርላቸው ሀብታም ስለሌላቸው ዝናቸው የሚዛመተው ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ነው። ስለዚህ አድማጮቻቸው በካሴት ዘመን በካሴት፣ ዛሬም በስልክ፣ የዓመቱን ምርጥ እየሰበሰቡ ይለዋወጣሉ። በእኛም አገር ካሴት በነገሠበት ዘመን ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች ስም በወረቀት ጽፎ ሙዚቃ ቤት ሲሄድ፣ ባለሱቁ ከልዩ ልዩ ካሴት እያወጣ በአንድ ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳለት ነበር። ያ ካሴት ለእጮኛ ይሰጣል፤ አገር ጥሎ ለሚሄድ ወንድም ይላካል። እንግዲህ ልማዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ፣ ደብረ ብርሃን ሊደርሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ብርዷ የጸና ስለ ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮው እንደ ወጣ በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ማታውም ረጅም ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ደብተር ይዞ፣ በየዓመቱ 12 ዘፈን ለ12 ወር፣ 13ኛውን ደግሞ ለጳጉሜን እየመደበ ይጽፋል። ከዘፈኑ ስም አጠገብ የዘፋኙ፣ የግጥሙ ደራሲና የዜማው ደራሲ ስም፣ ዘፈኑንም በመጀመሪያ ያሰማው ሰው ይጻፋል። መዝገቡ የሚዘጋው በጳጉሜን ነው። አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ያልገባባቸው እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀኖች ለሒሳብ መተሳሰቢያ የተሰጡ ይመስላሉ። የእንቁጣጣሽ ለት ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው እየዘፈኑ፣ ወንዶቹም የሣሉትን ሥዕል እያደሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ጎልማሳው ለወዳጁ የዘፈን ዝርዝር ቢሰጥ ከአገሩ ልማድ አልወጣም።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ዘፈን ጨዋታ ነው። የወደዱትን መስማት፣ ያልወደዱትን መዝጋት ነው። ይህን የሕሊና ጉዳይ ማድረግ ነገር ማክበድ ነው።» ነገሩ እንዲህ የሚቀል ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን ሰው አንድን ንግግር አንድ ጊዜ ሰምቶ ያልፈዋል፤ አንድን ዘፈን ግን መቶ ጊዜ ይሰማዋል። መቶ ጊዜ የተሰማ ነገር ያለ ምስክር የሚታመን ነገር ይሆናል። ፍቅር ምን እንደ ሆነ፣ ጀግና ማን እንደ ሆነ፣ እናት ምን ያህል እንደምትከብር፣ ከአባትና ከመምህር ይልቅ ከዘፈን የተማረ ወጣት ጥቂት አይደለም። ዘፈንን ጨርሰው የሚነቅፉ አባቶችም ቢሆኑ በነቀፋቸው የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፤ ዘፈን ከንቱና አቅም የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም አይፈራውም ነበር።

ዜማን በዓመት መመደብም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ6ኛው ምእተ ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ድጓ ዓመቱን በሙሉ የሚከተል የዜማ መጽሐፍ ነው። ክረምት የራሱ ዜማ አለው፤ ጾም የራሱ አለው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌም የራሱ አለው። የመንፈሱን ዜማ ከዓለም ዘፈን ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ከሥርዐቱ ግን የምንማረው ነገር አለ። ይኸውም እያንዳንዱ ዜማ ጊዜውን ሲጠብቅ ይከብራል፤ ሁልጊዜ የሚዘመር ዜማ ግን ከጆሮ ይሰለቻል። ደግሞም በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት ዜማው ያደረው በመምህርና በደቀ መዝሙር ጉሮሮ ብቻ ነበር። ምልክት የሌለው ዜማ መምህሩ ሲሞት አብሮት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ መዝግቦ ማኖር ከመውደድ የሚከተል ሥራ ነው።

የምርጫን ኀይል በቅርቡ ታሪካችን ማየት ይቻላል። በምንጃር የተወለዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ሳለ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ይህም ከመጀመሪያዎቹ የአገራችን የዘፈን ሸክላዎች የሚቈጠር ነው። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥትና በየመኳንንቱ አዳራሽ ማሲንቆ የሚመታ፣ ቅኔ የሚዘርፍ አዝማሪ ብዙ ነበረ። ከእነርሱ መካከል ከነጋድራስ ተሰማ የሚበልጥ ወይም የሚተካከል አልነበረም ለማለት ማን ይደፍራል? የእነርሱ ድምፅ ግን ከአዳራሹ ጢስ ጋር ወጥቶ ቀረ። እንግዲህ ለእኛ የደረሰን ድምፅ ከሁሉ የበለጠው ነው ብለን ልንምል አንችልም፤ የደረሰን አጋጣሚ ያገኘው ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሃ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ሳሉ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍረው፣ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጸው፣ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትመው አመጡ። ከዚያ በኋላ በ6 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላ አወጡ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ ከሚነገርለት ሙዚቃ ብዙው በእኚህ ሰው እጅ ያለፈ ነው። ትልቅ ተቋም ያልመረጠውን አንድ ግለሰብ በራሱ ገንዘብና በራሱ ጆሮ መርጦ ባያስቀር ኖሮ፣ ያ ዘመን ለልጆቹ ሳይደርስ በየምሽት ክበቡ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ የውጭ አገር ሰው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1970ዎቹ ዓመታት የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ተደነቀና እነዚያን ሸክላዎች ሲፈልግ ኖሮ፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም 30 ያህል ቅጽ አሳተመ። ከእነዚህም 4ኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው፤ የሙላቱም ሙዚቃ በ1997 ዓ.ም. ጂም ጃርሙሽ በተባለው አሜሪካዊ ፊልም ውስጥ ገብቶ በዓለም ተሰማ። ይህ ሰው ላደረገው ነገር ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መዘዙን ልብ እንበል። ዛሬ በፓሪስ ወይም በኒው ዮርክ የሚኖር አድማጭ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲባል በአብዛኛው የሚያስበው የአዲስ አበባን የ6 ወይም የ7 ዓመት ሙዚቃ ነው። የወሎን ባቲና አምባሰል ከባላገሩ አፍ፣ የመንዝን ማሲንቆ፣ በኋላ የመጣውን የካሴት ዘመን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ሰው በቅንነት ያዘጋጀው ስብስብ ለሚሊዮን ሰው የአንድ አገር ፊት ሆነ። የመረጠው ሰው አላጠፋም፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው ጆሮ የሚያመልጠው ነገር ምንጊዜም የትየለሌ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የምንረዳው፣ መራጭ ምንም እንኳ ታናሽ ሰው ቢሆን የመታሰቢያ ጠባቂ መሆኑን ነው። የጫጫ ሠራተኛ ለስድስት ወዳጆቹ የሚሰጠው ዝርዝር ከፋልሴቶ ሥራ ጋር በስፋት አይመዛዘንም፤ በዐይነቱ ግን አንድ ነው። ለእነዚያ ስድስት ሰዎች ከስሙ ጋር አንድ ዘፋኝ ይወለዳል፤ ያልተጻፈውም ሳይወለድ ይቀራል።

በዘመናችን ደግሞ አዲስ መራጭ መጥቷል። ሰው በስልኩ አንድ ዘፈን ሲሰማ፣ የዩቲዩብ ስሌት «ይህን የወደደ ያንን ይወዳል» ብሎ ሌላውን ያስከትልለታል። ይህ መራጭ አይደክምም፤ አይሳሳትም ለማለትም ያስደፍራል፤ ብዙ ጊዜ እውነትም የምንወደውን ያመጣልናል። ነገር ግን ሚዛኑ ብዙ ሰው የሰማውንና እኛ ቀድሞ የሰማነውን ነው። በሺህ የሚቈጠር ተመልካች የሌለው የገጠር ዘፋኝ በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ደግሞም ሁልጊዜ የሚመስለንን የሚያቀርብልን አጋፋሪ፣ ልንሆነው ወደምንችለው አያደርሰንም። ሰው በዓመቱ መጨረሻ «ዘንድሮ ምን ወደድሁ?» ብሎ ራሱን ካልጠየቀ፣ የወደደውንና የቀረበለትን ለይቶ ማወቅ አይችልም። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለልብስና ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የተዋሱት ፍቅርም አያደምቅም።

እንግዲህ ምርጫው ኀላፊነት ካለበት፣ የመራጩ ግዴታ ምን ምን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አራት ነው።

የመጀመሪያው ከመፍረድ በፊት መስማት ነው። ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ ፍርደ ገምድል ይባላል። የማያውቀውን ዐይነት ሙዚቃ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ሳይሰማ «የዓመቱ ምርጥ» ብሎ የሚጽፍም እንደዚሁ ነው። ይህም ማለት ሁሉን መስማት ይገባዋል ማለት አይደለም፤ የሚቻልም አይደለም። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ተብሏልና፣ ሁሉን ልያዝ የሚል ሰው አንዱንም አይዝም። ነገር ግን መራጩ ዝርዝሩን «ምርጥ ዘፈኖች» ከማለት «እኔ የሰማኋቸውና የወደድኋቸው» ቢለው እውነት ይሆናል። ቃሏ ጥቂት ናት፤ በእርሷ ግን ትዕቢትና ትሕትና ይለያያሉ።

ሁለተኛው ስም መጥራት ነው። አንድ ዘፈን ከዘፋኙ ሌላ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ መሣሪያ ተጫዋችም አለው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የዘፋኙ ስም ብቻ ሆኖ፣ የሌሎቹ ድካም ባለቤት እንደሌለው ከብት ሜዳ ላይ ይቀራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት ለሙዚቀኛ ከማንም ይልቅ ይስማማዋል፤ ከስሙ ሌላ ለልጆቹ የሚያወርሰው ሀብት ያለው ጥቂት ነውና። ስም ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም ኢምንት ነው፤ ስለዚህ መተዉ ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው የሠሪውን ዋጋ አለመንሳት ነው። በጥንቱ ሥርዐት አዝማሪ ሲዘፍን የተደሰተ ሰው ተነሥቶ ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ፣ ሰምቶ ሳይሸልም የሚወጣ ሰው ያፍራል። ዛሬ ግን አድማጩ በቤቱ ብቻውን ነው፤ የሚያየው የለምና አያፍርም። ሕግ ይህን ጉድለት ለመሙላት ሞክሯል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው የታተመውን ሥራ ለግል ጉዳዩ ብቻ አንድ ቅጅ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ እያባዙ ማደል ግን ሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ «አውታር» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ያቋቋሙት፣ አድማጭ በአነስተኛ ዋጋ ዘፈኑን ገዝቶ ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ ብለው ነበር። እንግዲህ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ምን ያድርግ? መልሱ ቀላል ነው። ለወዳጁ ዘፈኑን ቀድቶ ከሚሰጠው ይልቅ ስሙንና ሥራው የሚገኝበትን ቦታ ቢሰጠው፣ ወዳጁን ወደ ባለሙያው ደጅ መራው እንጂ ከደጁ አልሰረቀለትም። ስጦታው አልጐደለም፤ ስጦታው ዱሮም ምርጫው ነበርና።

አራተኛው ያለፈውን ዓመት ዝርዝር አለማረም ነው። ይህ ግዴታ ከሁሉ የከበደ ይመስለኛል። ሰው ሲበስል ጣዕሙ ይለወጣል፤ ከአምስት ዓመት በፊት የወደደው ዛሬ ልጅነት ይመስለዋል፤ ዝርዝሩንም ሰርዞ በዛሬው ዕውቀቱ ሊያሳምረው ይፈተናል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን በተጠለሉ ጊዜ፣ በጫጫ መንገድ ዳር የሚሰማው ዘፈን ፉከራና ሽለላ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሙሾ ነበር። የዚያ ዓመት መዝገብ የፍቅር ዘፈን የያዘው ሁለት ብቻ ነው። ዛሬ ያን ገጽ የሚያነብ ሰው «እንዴት ይህን ያህል ደም የሚያሸት ዝርዝር ተጻፈ?» ሊል ይችላል። የሰላም ዘፈን ጨምሮ ገጹን ማለስለስ ቀላል ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ሕዝቡ የፈራው ፍርሃትና የተቈጣው ቍጣ እውነት ነበር፤ ወላጅ የቀበረው ሰውም ሙሾውን የሰማው ለመዝናናት አልነበረም። መዝገቡን ያሳመረ ሰው የራሱን ገጽታ ያሳምራል፤ የጎረቤቱን እንባ ግን ይደመስሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ያን ጊዜ ተገቢ የነበረ ፉከራ ሁሉ ለዘወትር ይዘፈን ማለት አይደለም። ድጓው ለእያንዳንዱ ወራት የራሱን ዜማ እንደ መደበ፣ የጦር ዜማም ወራቱ ሲያልፍ ወደ መዝገቡ ይመለስ። መዝግቦ ማኖርና ደጋግሞ ማሰማት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የታሪክ ግዴታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፈቃድ የሚደረግ ነውና ሕሊና ይፈርድበታል።

እነዚህ አራት ግዴታዎች ቢፈጸሙም የተተወው ነገር እንደ ተተወ ይቀራል። 12 ዘፈን የመረጠ ሰው ሺሁን ትቷል። ለዚህ መድኀኒት የለውም፤ ማስታገሻ ግን አለው፤ 13ኛው ዘፈን እርሱ ነው። አገራችን ዓመቷን በ12 ወር ብቻ አልዘጋችም፤ ከ30 ቀን የተረፉትን ጥቂት ቀናት ሰብስባ ወር ብላ ስም ሰጠቻቸው። ብዙው ዓለም በየወሩ አሻግሮ የደበቀውን ትራፊ እኛ አክብረን ለብቻው አኖርነው። እንደዚሁ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ያለው 13ኛው ስፍራ ሸክላም ካሴትም ስልክም ላልደረሰለት ድምፅ ይሁን። ገና ሳይነጋ በደጅ ቆመው ባለቤቱን እያወደሱ የሚያዜሙት ላሊበሎች፣ በሰርግ ቤት ድንኳን ግጥም የሚያቀብሉ ሴቶች፣ ገብስ ሲታጨድ ወይም ሲወቃ ገበሬው የሚያንጐራጕረው ዜማ በማንኛውም ስሌት ውስጥ አይገቡም። ከዓመቱ አንዱን እንኳ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ ሰማሁ» ብሎ መጻፍ፣ የቀረውን ሺህ ባያድነውም፣ ሺህ እንደ ነበረ ይመሰክራል። የተተወውን ማዳን ካልተቻለ፣ መተዉን ማወቅ የቅን መራጭ ድርሻ ነው።

ይህ ነገር ከዘፈን አልፎ ይሄዳል። ለአንድ የሥራ ቦታ አንድ ሰው የሚመርጥ ሹም፣ ከ60 ተማሪ መካከል አንዱን አስነሥቶ የሚጠይቅ መምህር፣ ከብዙ ትምህርት አንዱን የሚመርጥ ተማሪ፣ ሁሉም በየዕለቱ ዝርዝር ያወጣሉ። ከመፍረድ በፊት የሰማ፣ የሠሪውን ስም የጠራ፣ ዋጋውን ያልነሣ፣ ትናንት የጻፈውን ለዛሬ ክብሩ ሲል ያልሰረዘ፣ ላልተመረጠውም አንድ ስፍራ የተወ ሰው፣ በታናሿ ነገር የለመደውን በታላቂቱ አይረሳውም። በዘፈን ያላፈረ መራጭ በሹመትም ያፍራል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ወጣቶች ምርጫን ሊለማመዱ ቢሹ፣ ማንንም ከማይጐዳው፣ ደስታም ካለበት ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው። ጳጉሜን በየዓመቱ ይመጣል፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከያዙ የሚጐድላቸው የሚሰማ ጆሮ ብቻ ነው።